ሸለቆ በብስክሌት ስትወርዱ እነዚህን አታድርጉ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲሳሳ ደሴ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሁሉ ቅዳሜን ይጠብቃል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ለማውንቴን ባይክ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችግሩ፣ ክረምቱን ብዙ ሰው ያልረገጠው የእግር መንገድ በሣር፣ በቀጋና በአጋም ተውጦ ነው የሚጠብቃችሁ።

በጣም የሚያናድደኝ መገንጠያ ላይ አለመጠበቅ ነው። ፊት ያለው ጎበዝ ይሸመጥጣል። ሣሩ ጎማ ካለፈበት በኋላ ቀና ስለሚል ዱካ የለም። ኋላ የቀረው ሰው ሁለት መንገድ ያያል፤ አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ ማሳ። ልደውል ቢል ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም። ዘዴው ቀላል ነው፦ መገንጠያ ላይ የደረሰ ሁሉ ከኋላው ያለውን በዓይኑ እስኪያይ ይቆማል። ያኛውም ደርሶ ለቀጣዩ ይቆማል። በቃ! አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ልጅ ጠፍቶብን ገደል ለገደል ስሙን እየጠራን ጉሮሯችን ተዘጋ። እሱ ለካ ማሽላ ከሚጠብቁ ልጆች ጋር ማማ ላይ ወጥቶ እሸት ይበላል። ወንጭፍም አስተምረውታል። «አብሽሩ፣ እዚህ ነኝ» አለን። እሱን ምን ልበለው? ጥፋቱ ጥለነው የሄድነው የኛ ነው።

የዚሁ ወንድም የሆነ ሌላ ጥፋት አለ፤ የመጨረሻው ሰው ገና ከመድረሱ «በሉ እንሂድ» ማለት። እናንተ አርፋችኋል፣ እሱ አላረፈም። ውሃ ይጠጣ እንጂ!

ጎማ ሲበሳ ደግሞ ጀማሪ ሁሉ ይቸኩላል። ካላማዳሪያውን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል፣ ይነፋል፣ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይተነፍስበታል። የግራር እሾህ ከውጭ ይሰበርና ጫፉ ጎማው ውስጥ ይቀራል። በዓይን አይታይም። ጎማውን ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ዳብሱት፤ ቆንጠጥ ያደረጋችሁ ቦታ ላይ ነው። በጥፍር ካልወጣ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት። ጎማውን በአስፋልት ልክ አጠንክሮ መንፋትም አይሆንም፣ ድንጋይ ላይ ያነጥራል። እጅግ ካላላችሁት ደግሞ ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ይበሳል።

ቁምጣ ለብሳችሁ አትምጡ። ሳማ አለ።

በኋላ ፍሬን ብቻ መውረድ ሌላው ነው። የፊቱ ይገለብጠኛል ብለው ይፈሩታል። ግን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ የኋላው ብቻውን ሲያዝ ጎማው ይንሸራተታል። ሁለቱንም በለስላሳው ያዙ፣ መቀመጫችሁን ከኮርቻው ወደ ኋላ አውጡ። ሣር ውስጥ ድንጋይ ስለማይታይ፣ በምታዩት ርቀት ውስጥ መቆም ከማትችሉበት ፍጥነት አትለፉ።

መንገድ ስትጠይቁ «ኮምቦልቻ ያወጣል?» አትበሉ። «አዎ፣ ቅርብ ነው» ትባላላችሁ፤ እውነትም ነው፣ ገደል በእግሩ ለሚወርድ ሰው። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ቀጥሎ «የተጫነ አህያ ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አህያ ካለፈ ብስክሌትም በአብዛኛው ያልፋል። የአካባቢውን ሁኔታም አብራችሁ ጠይቁ፤ ተመለሱ ካሏችሁ ተመለሱ።

የቦርከናን ወንዝ ደግሞ ከላያችሁ ባለው ሰማይ አትመዝኑት። ደሴ ላይ የዘነበው ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው። እናንተ ጋ ፀሐይ እየሞቀ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት መሸከም ከጀመረ ብስክሌቱን ትታችሁም ቢሆን ወደ ላይ ውጡ። ወንዙ ዳር ምሳ መብላት የሚወዱ ልጆች አሉን፤ ይወዱ፣ ግን ከፍ ብለው ይቀመጡ።

በመጨረሻ ሰዓት። «1 ሰዓት እንነሳ» ተባብሎ 4 ሰዓት ድረስ ቡና ቤት የሚቀመጥ ቡድን ሸለቆ መውረድ የለበትም። ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ገደሉ ውስጥም ፀሐይ የምትጠፋው ከተማው ሳይመሽ ነው፤ ያኔ ጎማ ቢበሳ እሾህ በጨለማ መዳበስ ነው። ቡናውን ኮምቦልቻ ጠጡት።