ሞተር ቀይራችሁ ደንገጎ ላይ ለሚያፈላባችሁ

በቅርቡ አንድ የሀረር ፔጆ 404 ድሬዳዋ ጋራዣችን ገባ። የፋብሪካው 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ወጥቶ የቶዮታ ስሪኤል (3L) ናፍጣ ሞተር ገብቶለታል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ራዲያተር ቀይሯል፤ የኋለኛው ወፍራም ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሀረር የሚያስወጣውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ ግን አሁንም ያፈላል። ኮፈኑን ስንከፍት ቬንትሌተሩ ያለ ቀፎ ቆሟል፤ ቀፎ ማለት ቬንትሌተሩን ዙሪያውን ከቦ አየሩን ከመላው ራዲያተር እንዲስብ የሚያደርገው ሽፋን ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው። ሞተር ሲቀየር የድሮው ቀፎ አይገጥምም፤ ስለዚህ አውጥተው ይጥሉታል። ምትክ የሚሠራለት የለም። ያለ ቀፎ ቬንትሌተር የሚስበው ፊት ለፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው። የራዲያተሩ አራት ማዕዘኖች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ከራዲያተሩ ከራቀ ደግሞ የሞተሩን ትኩስ አየር እዚያው መልሶ ያዞረዋል። ስንቱ ሰው ነው በዚህ የተነሳ ደህና ራዲያተር የጣለው!

ሞተሩን አስነስተን አንድ ቁራጭ ጋዜጣ ከራዲያተሩ ፊት አስጠጋን። መሃል ላይ ጥብቅ ብሎ ተያዘ። ማዕዘን ላይ ስናደርገው ወደቀ። ከላሜራ ቀፎ ሠራን፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ማዕዘንም ላይ ተያዘ። ሰውየው ማታ ከሀረር ደወለ፤ መንገድ ላይ ውሃ አልጨመረም።

ስትሠሩ ሞተሩ እንደሚወዛወዝ አትርሱ። ከቬንትሌተሩ ክንፍ ጫፍ እስከ ቀፎው 2 ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። ክንፉም ግማሹ ቀፎው ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ይሁን።

ቀፎን ከራዲያተሩ ጋር ማጣበቅም ስህተት ነው። ይሄን እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። ለአንድ ላንድክሩዘር ጠፍጣፋ ላሜራ ራዲያተሩ ላይ ለጥፌ፣ መሃሉን ቀድጄ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ገጠምኩ። ላሜራው ራዲያተሩን አፈነው። አየሩ ከየማዕዘኑ የሚሰበሰብበት ጥቂት ሴንቲሜትር ቦታ ያስፈልገው ነበር። መኪናው ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በቴስታታው፣ ማለትም በላይኛው የሞተር ክዳን መካከል ያለውን ማሸጊያ) በላ። ቴስታታውን አውርጄ በነፃ ሠራሁለት፤ እስካሁን ግን ይቆጨኛል።

በራዲያተሩ ዙሪያ ክፍተት አትተዉ። አየር ቀላሉን መንገድ ነው የሚፈልገው፤ በጎን ማለፊያ ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ አያልፍም። በላሜራና በጎማ ድፈኑት።

የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ገመዱ ተገልብጦ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል። በጋዜጣው አረጋግጡ።

ኮፈኑን ከኋላ በኩል ከፍ አድርጎ ማሰር እዚህ ፋሽን ሆኗል። ቆሞ ሲሆን ሙቀት ያስወጣል። ሲሮጥ ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ግፊት ይጠራቀማል፤ አየሩም በዚያው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ያኔ በራዲያተሩ የሚያልፈው ይቀንሳል።

ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል ይቅር።

የድሬ አቧራ ራዲያተር ይደፍናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ የራዲያተሩን ስስ ክንፎች ያጥፋቸዋል።

ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው መቼ እንደሚግል አስተውሉ። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ሲንቀራፈፍ ግሎ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩንና ቀፎውን ፈትሹ። ቆሞ ደህና ሆኖ ሲሮጥ የሚግል ከሆነ፣ ክፍተቱንና የራዲያተሩን መደፈን እዩ። የራዲያተሩንም ክዳን አትናቁ። ሀረር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ቀፎው የቱንም ያህል ቢያምር ዳገቱ ላይ ያፈላል።