የአይሶፖድ ሣጥን ዳር እስከ ዳር መራስ የለበትም

አይሶፖዶችን ከተክልና ከሕያው አፈር (ጥቃቅን ፍጥረታት ከሚኖሩበት አፈር) ጋር በአንድ የመስታወት ሣጥን የምታረቡ ሁሉ፣ ውኃ የምትረጩት በአንዱ ጫፍ ብቻ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። እነዚህ ባለ 14 እግር ፍጥረታት ነፍሳት ሳይሆኑ የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፤ ከሆዳቸው ሥር ባሉት መተንፈሻዎች ለመተንፈስ እርጥበት የግድ ቢያስፈልጋቸውም፣ አፈሩ በሙሉ ከጨቀየና አየር ካልተዘዋወረ ግን ይታፈናሉ። ስለዚህ ከሣጥኑ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ሞስ በሚባለው ውኃ የሚይዝ አጭር ለስላሳ ተክል ሸፍናችሁ ዘወትር እርጥብ አድርጉት፤ የቀረው ደረቅ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት ለብሶ ይቆይ፤ የሚስማማቸውን ቦታ ራሳቸው ይመርጣሉ።

የዛፉን ቅርፊት ቀስ ብሎ አንሥቶ የት እንደተሰበሰቡ ማየት፣ በእኔ እምነት፣ ከእርጥበት መለኪያ የበለጠ ይናገራል፦ ሁሉም ሞሱ ሥር ተጠጋግተው ከተገኙ ሌላው ክፍል ከልክ በላይ ደርቋል፤ እርጥቡን ሸሽተው ግድግዳውን መውጣት ካበዙ ደግሞ ውኃው በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው።

የኋላ አካሉ ብቻ የነጣ አይሶፖድ ብታዩ ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ። ቅርፊታቸውን የሚቀይሩት በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ የኋላውን ቆይቶም የፊቱን ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ሰውነታቸው ለስላሳ ነውና ባይነኩ ይሻላል፤ አዲሱ ቅርፊት እንዲጠነክርም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጥቂት በተን አድርጉላቸው። የደረቀው ቅጠል ዋና ምግባቸው ስለሆነ፣ ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ዛፍ ሥር የተለቀመ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ባለቀ ቁጥር ጨምሩበት።