በጤና ጣቢያ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳትን እንዴት ማከምና ማሳወቅ ይቻላል

በጎንደር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒት የሚጀምሩት በጤና ጣቢያ ነው፤ መድኃኒቱ ያልተስማማቸው እንደሆነም ተመልሰው የሚመጡት ወደዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳቱን ቀድሞ የማየት ዕድል ያለው የጤና ጣቢያው ሐኪም ሲሆን፣ ሥራውም እንደሚከተለው ይከናወናል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሕይወትን ማትረፍ ነው። ሕመምተኛው የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጋ በኋላ ፊቱና ምላሱ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም የደም ግፊቱ ከወረደ፣ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ይቆማል፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ ይወጋል፤ ካልተሻለውም በየ5 ደቂቃው ሊደገም ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል (የባክቴሪያ መድኃኒት) ወይም ኔቪራፒን (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ቆዳው ከተላጠ፣ አፉና ዓይኑም ከቆሰለ፣ መድኃኒቱ ቆሞ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ወይም ከተረጋጋ በኋላ ታሪኩ በጥንቃቄ ይጠየቃል፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃም ይህ ነው። መድኃኒቱ የተጀመረበትና ምልክቱ የታየበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፋል። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ኮሶን፣ በቤት የተቀመመ ሥራሥርን ወይም ከጎረቤት የተዋሰውን ኪኒን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥር «አልወስድም» ብሎ ይመልሳል። «እናቴ፣ ለትል ብለው የጠጡት ነገር አለ? ከሰው የተቀበሉት ኪኒንስ?» ብሎ በስም እየጠሩ መጠየቅ እውነቱን ያወጣል።

ስለ ጾምም መጠየቅ ያስፈልጋል። ለስኳር ሕመም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰው በዐቢይ ጾም ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመሱ፣ ስኳራቸው ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊያንቀጠቅጣቸው፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። በረመዳንም ተመሳሳይ አደጋ አለ። ይህ ሐኪሙ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ከታካሚው ጋር ተመካክሮ መጠኑንና ሰዓቱን በማስተካከል፣ ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ሊከላከለው የሚችል ጉዳት ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ መታለፉ በእጅጉ ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ መድኃኒቱ ይቁም፣ ይቀነስ፣ ይቀየር ወይስ ይቀጥል የሚለውን ይወስናል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኢናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳል መድኃኒቱን በመቀየር ይፈታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚያመጣው ቀላል ማቅለሽለሽ ሕክምናውን አያስቆምም፤ ከነዚሁ መድኃኒቶች አንዱ በሆነው በሪፋምፒሲን ምክንያት ሽንት ቢቀላም ጉዳት የለውም፤ ታካሚው ግን ደንግጦ እንዳያቋርጥ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን መድኃኒቶቹ ቆመው ጉበቱ መመርመር አለበት።

ቀጥሎ ሪፖርት ይደረጋል። ሪፖርት ለማድረግ ጥርጣሬ በቂ ነው፤ ማረጋገጫ መጠበቅ አያስፈልግም። የመድኃኒት ጉዳት በሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ ላይ አራት ነገሮች የግድ መኖር አለባቸው፦ የታካሚው መለያ (የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት፣ ዕድሜና ጾታ)፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የታየው ጉዳት፣ የሪፖርት አድራጊው ማንነት። የአምራቹ ስምና የባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት መለያ ቁጥር) ከተጨመሩ ችግሩ ከጥራት ጉድለት የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ስለሚረዱ፣ ታካሚው ማሸጊያውን ይዞ ቢመጣ ትልቅ እገዛ ነው። ሞት፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት ወይም በጽንስ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ሪፖርቱ ማደር የለበትም። ቅጹ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል፤ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅም ይቻላል። ኢትዮጵያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መርሐ ግብር አባል ስለሆነች፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ የተላከ መረጃ በስዊድን አገር ኡፕሳላ ከተማ በሚገኘው የመርሐ ግብሩ ማዕከል ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር ተዳምሮ ይመረመራል። ብዙ ባለሙያዎች እንወቀሳለን ብለው ይሰጋሉ፤ ነገር ግን የቅጹ ዓላማ መድኃኒቱን መከታተል እንጂ ሐኪሙን መክሰስ አይደለም፤ የታካሚውም ማንነት በምስጢር ይያዛል።

በመጨረሻም ጉዳት ያደረሰው መድኃኒት ስም በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፋል፤ ለታካሚውም በአማርኛ በወረቀት ይሰጠዋል። በተለይ ለሥራ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርድ ሰው፣ እዚያ ቢታመም የሚያክመው ባለሙያ የጎንደር ካርዱን ስለማያገኘው፣ ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ይዞ መንቀሳቀስ አለበት።