ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል መቼ ልሂድ?

ይህን ለሚጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ አንዴ ሄዳችሁ አትቅሩ። ማዕከሉ 705 ሄክታር ነው፤ በአንድ ቀን አይዳረስም። የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን «አንድ ዛፍ ምረጡ፣ በየወቅቱ እየሄዳችሁ እዩት» እላቸው ነበር። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። እኔን ካላችሁ ኮሶ ምረጡ።

በመስከረም ሁሉም ዓደይ አበባ ሊያይ ይወጣል። ደግ ነው። ግን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አንዷን በደንብ እዩዋት። መሃሏ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። እባካችሁ አትቅጠፏት፤ ዘር ትጣል።

ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የኮሶ ጊዜ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው። የሴቴዋ አበባ ቀላ ያለና ከበድ ያለ ዘለላ ነው። የወንዴው ነጣ፣ ሳሳ ይላል። አያቶቻችን ለኮሶ ትል ሲጠጡ የኖሩት የሴቴዋን አበባ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ አትንገሯቸው፤ ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይፋጃል። ጃኬትም ኮፍያም ያዙ። ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በዚሁ ሰሞን አሉ።

በየካቲትና በመጋቢት አበባ አትጠብቁ። መሬቱን እዩ። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ሥር ቁሙ፤ ሣሩ ምን ያህል እንደሳሳ ልብ በሉ። ቀጥሎ ጽድና ወይራ ወዳለበት ተሻገሩ። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች እየተካ ያለው ለምን እንደሆነ እዚያው ይገባችኋል። ይህ ሥራ የሰው ዕድሜ የሚጠይቅ ነው፤ ጎብኚ ያስፈልገዋል።

ክረምት ላይ ጭቃውን ፈርቶ የሚቀር ብዙ ነው። ቡትስ አድርጉና ጠዋት ሂዱ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። በቅርንጫፎች ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እርጥበት ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል። ሰማዩ ማጉረምረም ከጀመረ ግን ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ቶሎ ወደ በሩ ውረዱ።