ባሕር ዳር ሲያባራ ጉና ላይ ምን ይጠብቃችኋል? የተራራ አየርን ከሐይቁ ዳር ሆኖ እንዴት መገመት ይቻላል

ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድባት ታድራለች። ጠዋት ግን ፀሐይ ትወጣለች፤ ዘንባባው ታጥቦ፣ ጣና ጸጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሰው የሚሸወደው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ነሐሴ ላይ «አለፈ እኮ!» ብዬ፣ ቡናዬን እስከ በረካ ተረጋግቼ ጠጥቼ፣ ወደ ጋይንት ጉዞ ጀመርኩ። 9 ሰዓት ላይ ጉና ተራራ ጥግ ስንደርስ በረዶ ወረደብን። መንገዱ ነጭ ሆነ። የለበስኩት ካናቴራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

1. መጀመሪያ የማን ዝናብ እንደሆነ ለዩ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሐይቁ ዳርና የተራራው ዝናብ ሰዓታቸው አንድ አይደለም።

ቀን ቀን ፀሐይ የተራራውን ወገብ ታሞቃለች። የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይጀምራል። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛው አየር በዙሪያው ካሉት ተራሮች ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የጣና ውሃ ግን የቀኑን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ቀዝቃዛው ሲመጣበት ሐይቁ ላይ ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይገፋል፤ ደመናውም እዚያው ይሠራል።

ስለዚህ በክረምት ባሕር ዳር በአብዛኛው የሚዘንበው ሌሊት ነው፤ ጉና ላይ ደግሞ ከሰዓት። ጠዋት ባሕር ዳር አባራ ማለት የጉና ተራ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

2. ዋዜማውን ማታ ወደ ምሥራቅ እዩ

ጉና ከከተማው በስተምሥራቅ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ መውጣት ከቻላችሁ ደግ ነው፤ ካልሆነም ከፍ ያለ ፎቅ ይበቃል። በዚያ በኩል ብልጭታ እያያችሁ ድምፁን ካልሰማችሁ መብረቁ ሩቅ ነው። ድምፁ ከተሰማ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለ3 አካፍሉት፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ወደ ቤት ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

3. ብርዱን አስሉ

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 20 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ጫፍ ባትወጡም የጋይንቱ መንገድ ራሱ 3,000 ሜትር ገደማ ያደርሳችኋል፤ እዚያ 12 ዲግሪ ብላችሁ ያዙ። ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲጨመርበት ቁጥሩን እርሱት። ጋቢ ያዙ፤ ከላይ የሚደረብ የዝናብ ልብስም አይቅር።

4. ስልካችሁን በልኩ እመኑት

የአየር መተግበሪያው ላይ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ስለ ጉና አትጠይቁ። ለተራራው የሚቀርቡትን ከተሞች፣ «ደብረ ታቦር» ወይም «ነፋስ መውጫ» ብላችሁ ፈልጉ። ሰዓቱንም ልብ በሉ፦ 14:00 የሚለው የእኛ 8 ሰዓት ነው። ይህን ረስቶ ማታ ይዘንባል ብሎ የተዘናጋ ሰው አውቃለሁ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ሌላ ነው። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይነግራችኋል። ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው። የቅዳሜ ጉዟችሁን ግን አይወስንላችሁም።

5. በሌሊት ተነሡ፣ ጉማራንም እዩት

12 ሰዓት ላይ ውጡ። ወረታ ሳትደርሱ የጉማራን ድልድይ ታልፋላችሁ። ጉማራ የሚነሣው ከጉና ነው። ፎገራ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ሲወርድ ካያችሁ፣ ትናንት ተራራው ላይ የዘነበው አሁን መድረሱ ነው። ፎገራ የሩዝ አገር የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። መንገዱን ጎርፍ ካቋረጠው ጥልቀቱን በመኪናችሁ አትለኩ።

6. ላይ ስትደርሱ ሰዓት ሳይሆን ደመና ተመልከቱ

ጠዋት የተበታተኑ ትንንሽ ነጭ ደመናዎች ቢኖሩ ችግር የለም። ከ5 ሰዓት በፊት ወደ ላይ እየተቆለሉ፣ ከሥራቸው እየጠቆሩ ከሄዱ ግን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ነፋስ በድንገት ሽው ካለ ዝናቡ ደጃችሁ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ይሻላል።

ጉናን ትታችሁ በጀልባ ዘጌ ልሂድ ብትሉም ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ጣና ዳር ላለ ሰው ትንሽ ፈጥኗል፤ መስከረምም ይዘንባል። ደመናው የምር የሚገፈፈው በጥቅምት ነው። ያኔ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ይቀራል፤ ጧት በረካ ጠጥታችሁ ብትወጡም ግድ የለም። ሌሊቱ ግን ደመና የሚባል ልብስ የለውም፤ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል። ካናቴራው አሁንም አያዋጣም።