የወረዳ ፖሊስ መርማሪን ልብ ወለድ ስትጽፉ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የወንጀል ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። በተለይ ታሪኩ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲሆን። ስለዚህ ጥሩ ሐሳብ በማይረባ ስህተት ሲበላሽ ያንገበግበኛል።

ትልቁ ስህተት መርማሪውን ባይተዋር ማድረግ ነው። ኮት ደርቦ፣ ሲጋራ ለኩሶ፣ ማንንም ሳያውቅ ብቻውን የሚዞረው ሰው ከፊልም የመጣ ነው። በወረዳ ከተማ ሳጅኑን የማያውቅ የለም። እድር አለበት። የሟች ልጅ የክርስትና ልጁ ልትሆን ትችላለች። ለቅሶ ቤት ሲገባ ደብተር አያወጣም። ኮፍያውን አውልቆ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ከንፍሮው ይዘግናል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ ጋሼ ትናንት ማታ ከማን ጋር ነበሩ?»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬን እንኳ ተወን!»

በልጅነቱ ዳቦ እየቆረሰች ያበላችውን ሴት ነገ ጣቢያ ጠርቶ ቃሏን ሊቀበል ነው። ይሄን ጭንቀት ከዘለላችሁት ከተማዋን ዘለላችኋት።

ሁለተኛው አስከሬኑ ነው። በማግስቱ የላብራቶሪ ውጤት ከች ይላል! በአገራችን ለረጅም ዓመታት አስከሬን ለምርመራ ከክልል ሳይቀር አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይላክ ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ዛሬውኑ መቅበር ይፈልጋል። መርማሪው መኪናው ፊት ቆሞ የሚለምናቸው፣ እነሱም የሚያለቅሱበት ምዕራፍ ከየትኛውም ተኩስ ይበልጣል።

ሦስተኛው ሕጉን መርሳት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ልብ የሚያንጠለጥለው ይሄ ነው፣ ተጠቀሙበት። ተጠርጣሪው ዳኛ ሳያይ ወር ከታሰረ ደግሞ ሕግ መጣሱን ደራሲው ይወቀው፤ በታሪኩ ውስጥም የሚጠየቅ ሰው ይኑር።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። «ከሌሊቱ 2 ሰዓት ተገደለ» የሚል ረቂቅ አንብቤያለሁ። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ምሽት ነው፣ ሰው እራት የሚበላበት። ደራሲው ሊል የፈለገው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። በዚህ ስድስት ሰዓት ልዩነት ምስክሮቹ ሁሉ ውሸታም ሆኑ። የምርመራ መዝገብ ላይ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ በግምት ከሌሊቱ 8፡00 ሰዓት ሲሆን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንደዚያው ጻፉት።

የመጨረሻው ሽማግሌዎቹን መርሳት ነው። ገዳዩ ሲያዝ ታሪኩን አትዝጉት። የሁለቱን ወገን ደም ለማድረቅ ሽማግሌ ይነሳል። የግድያ መዝገብ ግን በእርቅ አይዘጋም። ሽማግሌዎቹ ሳጅኑ ቤት ማታ ይመጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ የገዛ አጎቱ ነው። ቡና ይፈላል። መዝገቡ ገና ዐቃቤ ሕግ ጋ አልደረሰም።