ጠይም ፊት በእርሳስ እንዴት ይሳላል?

ስዕል የጀመሩ ልጆች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ነው። ዓይኑ ልክ ነው፣ አፍንጫው ልክ ነው፣ ሰውየው ግን አመድ መስሏል። ዩቲዩብ ላይ የምንማርባቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የፈረንጅ ፊት ነው የሚስሉት። እነሱ ጋ ወረቀቱ ራሱ ቆዳ ይሆናል፤ ጥላ ብቻ ይጨምሩበታል። እኛ ጋ ይሄ አይሠራም። የእኛ ሰው ፊት ላይ ወረቀቱ ቆዳው አይደለም፣ ቆዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ነው።

እኔ የምሠራው ኮዬ ፈጨ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በትእዛዝ የሰው ምስል እስላለሁ፣ ሁሉንም በጥቁርና ነጭ። «ለምን ቀለም አትሞክርም?» ይሉኛል። ሞክሬ አውቃለሁ፤ ቀለም ሲይዝ እጄ ይሰንፋል። እርሳስ ሲሆን ምሳ ራሱ ይረሳኛል።

መጀመሪያ መስኮት ምረጡ። የውጭ መጻሕፍት በሰሜን በኩል ባለ መስኮት ሥሩ ይላሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ጥላው ቦታውን አይቀይርም። ለአውሮፓ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ እኛን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ግንቦት ላይ በሰሜን መስኮቴ ፀሐይ ዘው ትላለች። ያኔ ስስ ነጭ መጋረጃ እሰቅላለሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን የሰሜን መስኮት ያለው ሰው ታድሏል። መብራት ቢጠፋም እስከ 11 ሰዓት ድረስ ይሠራል።

እርሳስ አራት ይበቃል፤ ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ፣ 8ቢ። የ«ቢ» ቁጥሩ ሲጨምር ግራፋይቱ (የእርሳሱ ጥቁር ማዕድን) ይበዛል፣ ሸክላው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። መቅረጫውን ተዉትና በምላጭ ቅረጹ፤ ጫፉ ረዘም ብሎ ሲወጣ በጎኑም መሥራት ይቻላል። ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቶሎ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ እርሳስ አይቀበልም። 200 ግራም አካባቢ የሆነ፣ በጣት ሲነካ ትንሽ ሻከር የሚል ፈልጉ። አንድ የቻርኮል (የከሰል) እርሳስም ጨምሩ። ግራፋይት ሲበዛ ያብረቀርቃል፤ 8ቢ እንኳን በጎን ሲታይ ግራጫ ነው። የዓይን ብሌንና የአፍንጫ ቀዳዳ የሚፈልጉት ድፍን ጥቁር ከቻርኮል ነው የሚገኘው። ቻርኮል የሚገባበትን ቦታ ግን በግራፋይት አትንኩት፤ በግራፋይት የለሰለሰ ወረቀት ላይ ቻርኮል አይዝም።

ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩላችሁ «በፋይል ላኩልኝ» በሉ። በተራው መንገድ ከመጣ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የዓይን ሽፋሽፍት ይጠፋል። በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ካለ ሌላ ጠይቁ፤ ፍላሽ ጥላውን በልቶታል። አንዳንዴ ግን ያለው የሟች አባት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱን እምቢ አይባልም። ፎቶው ላይ ባለ 1 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች፣ ወረቀቱ ላይ ባለ 4 ሳንቲ ሜትር አስምሩና ካሬ በካሬ አሻግሩ። ይሄን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ደንበኛው የሚፈልገው አባቱን ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰባት ትናንሽ ሳጥኖች ሥሩ፤ የመጀመሪያው ባዶ ወረቀት፣ የመጨረሻው ድፍን ጥቁር፣ በመሃል ያሉት ደግሞ ቀስ በቀስ እየጠቆሩ የሚሄዱ። ባዶው ለዓይን ብልጭታ፣ ለአፍንጫ ጫፍና ለከንፈር እርጥበት ይቀመጥ። ለጠይም ሰው ከአራተኛው ሳጥን ጀምሩ። ከዓይን ብሌንና ከአፍንጫ ቀዳዳ በቀር ሙሉውን ፊት በ2ቢ በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ ሸፍኑና በሶፍት አሹት። ግንባሩም ጉንጩም አብሮ ይጥቆር፣ አትፍሩ። ቀጥሎ ለቻርኮል የተዋችሁትን ብሌንና የአፍንጫ ቀዳዳ ሙሉ፤ ከአገጩ ሥር ደግሞ በ8ቢ አጥቁሩ። የመጨረሻው ጥቁር ቦታውን ከያዘ በኋላ ሌላውን መመዘን ይቀላል። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ፎቶውንና ወረቀቱን አወዳድሩ። ብርሃኑ በመጨረሻ በላጲስ ነው የሚወጣው፤ ላጲሱን በምላጭ ሾል አድርጋችሁ ቁረጡት።

ከሕንጻችን በር ላይ ማታ ማታ በቆሎ የሚጠብሱ እናት አሉ። አስፈቅጃቸው ፎቶ አንስቼ ሳልኳቸው። ግንባራቸው ላቦት ይዞታል፤ እዚያ ላይ ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ጠርዙም ስለት አለው። ጉንጫቸው ላይ ደግሞ ሰፋ ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብትሠሩ ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናል። ነጠላቸውን አልሳልኩትም ማለት ይቻላል፤ የሳልኩት በእጥፉ መሃል ያለውን ጥላ ነው። ሲደረብ ይነጣል፣ ሲሳሳ የፀጉራቸው ጥቁረት ከሥሩ ይታያል። ሹሩባ ላይ ፀጉር በፀጉር አትቁጠሩ። በጉንጉኖቹ መሃል ያለውን የራስ ቆዳ መስመር ለዩ፤ ሌላውን አጥቁሩ፤ ከዚያ ጉንጉኑ እብጥ ባለበት ብቻ በላጲስ ነካ ነካ አድርጉ።

«ትንሽ ቀላ አድርገኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ፊቱን አልነካም፤ ከጀርባው ያለውን አጠቁራለሁ። ፊቱ በራሱ ይፈካል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

የእኛ ሰፈር አቧራ የታወቀ ነው። ወረቀቱን በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ የምራቅ ነጠብጣብ በእርሳስ አይሸፈንም። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ፣ ከእጃችሁ ሥርም ንጹሕ ወረቀት አድርጉ። ሲያልቅ ሄር ስፕሬይ የሚነፉ አሉ፤ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያቢጫል። ፊክሳቲቭ (ስዕሉ እንዳይለቅ የሚነፋ መርጫ) ካልተገኘ ቶሎ ፍሬም ማስገባት ይሻላል። መስታወቱ ስዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው ቀጭን ካርቶን ይግባ። በታክሲ ስትወስዱት ደግሞ አትጠቅልሉት፤ በሁለት ካርቶን መሃል አስተኝታችሁ በፕላስተር እሰሩት።